አድዋን ለዛሬ ጥያቄ ማጥናት፦ ደረጃ በደረጃ

የካቲት 23 በቀረበ ቁጥር አድዋ ይነሣል። አንዱ ያወድሳል፣ ሌላው ይከስሳል፤ ሁለቱም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ዛሬ ነው። ምኒልክና ጣይቱ፣ አሉላና መኮንን ለዛሬው ሙግት ምስክር ሆነው ይጠራሉ፣ ቃላቸውን ቆሞ የሚሰማ ግን ጥቂት ነው። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል፤ ያ ጦርነት በትዕግሥት ላጠናው ሰው ስለ ስንቅ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ መረጃ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ብዙ የሚናገረው አለውና።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለታሪክ ምሁር አይደለም። ተማሪ፣ መምህር፣ ወይም ከሥራ በኋላ የሚያነብ ሰው ደብተርና እርሳስ ይዞ በጥቂት ወራት ሊሠራው ይችላል። ምሳሌዬ አድዋ ነው፤ አልፎ አልፎ ማይጨውንና የአርበኞቹን አምስት ዓመት አነሣለሁ፤ ሁለቱን ጦርነቶች ለየብቻ ያጠና ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል ብዬ ስለማምን።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከዛሬ ያዙ

ያለ ጥያቄ ታሪክ የሚያነብ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይሰበስብና መጨረሻ ላይ የቀድሞ ሐሳቡን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፉ። «ምኒልክ ጀግና ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ለጥናት አይሆንም፤ መልሱ ጥያቄው ሲጻፍ ተወስኗል። የሚሆነው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ ከክፉ ቀን ገና የወጣች አገር ያን ያህል ሠራዊት እንዴት ሰበሰበች? ከድሉ በኋላ ወሰኑ ለምን መረብ ላይ ቀረ? ጣሊያን ከ40 ዓመት በኋላ ሲመለስ ምን ተምሮ መጣ፣ እኛስ ምን ተምረን ጠበቅነው?

ጥያቄውን ከጻፋችሁ በኋላ ከሥሩ አሁን የምታምኑትን መልስ በሦስት ወይም በአራት መስመር አስፍሩ፣ ቀንም ጻፉበት። ይህን ገጽ እስከ መጨረሻው አትንኩት።

ደረጃ 2፦ ዘመኑን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት የአድዋ ውጊያ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላሉ። እኛ በዓሉን የምናከብረው የካቲት 23 ነው፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ማንም አልተሳሳተም። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 በእርግጥ ማርች 1 ላይ ነበር የዋለው። አውሮፓውያን በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ ስላቆሙት የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ምንጭ ሐሰተኛ ብሎ ይጥላል።

የዓመቱ ልዩነት ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንዱን ብቻ ጽፋችሁ «በኋላ አሰላዋለሁ» አትበሉ።

ከዚያ አንድ ረጅም ወረቀት ላይ የጊዜ መስመር ሥሩ። ከምጽዋ ጀምሩ፤ ጣሊያን ወደቡን የያዘው በ1877 ነው። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። መጋቢት 1881 መጀመሪያ ላይ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ክረምት ጣሊያን አስመራን ያዘ። ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ፣ ጥር 1888 መቀሌ፣ የካቲት 23 አድዋ፣ ጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል።

አሁን መስመሩን ትክ ብላችሁ እዩት። መተማና ውጫሌ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም። ንጉሠ ነገሥት በሞተ፣ ዙፋን በተናወጠ፣ የትግራይ መሳፍንት በኀዘን ላይ ባሉበት ሰዓት ነው ውሉ የተፈረመው። ምኒልክ ለምን ፈረሙ ብሎ ለሚከራከር ሰው ከዚህ ሁለት ወር የበለጠ የሚጠቅም ማስረጃ የለም፤ ክርክሩን አይዘጋም፣ ግን ክርክሩ የት መካሄድ እንዳለበት ያሳያል። ስለ ውጫሌ ሲነሣ ሁሉም የሚያውቀው አንቀጽ 17ን ነው፤ እሱ ላይ ብዙ አትቆዩ። አንቀጽ 3ን አንብቡ። ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በጣሊያን ወሰን ውስጥ የገቡት በዚያ አንቀጽ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 3፦ ስንቁን ተከተሉ

ጦርነትን ለመረዳት የምመክረው ትልቁ ቁልፍ ይህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ስጡት። ጎራዴና መድፍ ዓይን ይስባል፤ ቀኑን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የዱቄት ከረጢት ነው።

ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሡ። ከባሕር ማዶ የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ድርቁና አንበጣው ተደርቦ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ያለው ረሃብ ለዓመታት አገሩን ጠራረገ። አድዋ የዘመተው ሠራዊት ከዚህ የተረፈ ሕዝብ ነው። ይህን ሳያስቡ «መቶ ሺህ ሰው ዘመተ» ማለት ቁጥሩን ባዶ ያደርገዋል። አብዛኛው ዘማች በሬውን ያጣ፣ ዘመዱን የቀበረ ሰው ነበር።

ቀጥሎ የክተት አዋጁን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ከአዋጁ የሚያስታውሰው ስሜት የሚነካውን ክፍል ነው። እናንተ ግን የሥራውን ክፍል አንብቡ፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ታዟል። ለምን ጥቅምት? ክረምቱ አልፎ ወንዙ ጎድሏል፣ መንገዱ ደርቋል፣ በየመንገዱ ያለው እህልም ወደ መድረሱ ነው። ለምን ወረኢሉ? ከሸዋ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አዋጁ የስሜት ጥሪ ብቻ ሳይሆን የጉዞ ዕቅድም ነበር።

ከዚያ በደብተራችሁ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ወገን፣ የአፍ ብዛት፣ እህሉ የሚመጣበት ቦታ፣ የሚበቃበት ቀን። «የአፍ ብዛት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከተዋጊው ጋር ሚስቱ፣ አሽከሩ፣ ስንቅ ተሸካሚው፣ በቅሎና አህያው አሉ። ዳቦ ቆሎውን ያዘጋጀችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ ቁስለኛ ያነሣችው ሴት በብዙ መጽሐፍ ስሟ የለም፤ በሠንጠረዡ ግን ትገባለች። ሠራዊቱ የሰፈረበት የትግራይ ገበሬም ይገባል። የወዳጅ ጦርም ቢሆን ይበላል፤ ከማን ጎተራ እንደበላ መጠየቅ ድሉን አያሳንሰውም፣ ዋጋውን ማን እንደከፈለ ግን ያሳያል።

ሠንጠረዡን ሞልታችሁ የካቲት 20 ገደማ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይገለጥላችኋል። የምኒልክ ጦር በአንድ ቦታ ብዙ ሊቆይ አይችልም፤ እህል እያለቀ ነው። ከእንትጮ አጠገብ ሳውሪያ ላይ የሰፈረው ጄኔራል ባራቲየሪም የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀናት ነው። ሁለቱም ሌላው ቀድሞ እንዲንቀሳቀስ ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የሚዘልፍ ቴሌግራም ደረሰ። ባራቲየሪ ጄኔራሎቹን ሰበሰበ፤ እነሱም ማፈግፈግን ተቃወሙ። በማግስቱ ማታ ጦሩ ተነሣ። የአድዋ ውጊያ በዚያ ሌሊት የተጀመረው አንዱ ወገን ረሃቡንና ውርደቱን መታገሥ ስላልቻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመቀሌውንም ከበባ በዚሁ ሠንጠረዥ እዩት። የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ የያዘው ማጆር ጋሊያኖ በጥይት አልተሸነፈም፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ስለተያዘበት በውኃ ጥም ለቀቀ። ከዛሬዎቹ ጦርነቶች አንዱን ስትከታተሉ ስለ ድልና ሽንፈት ከሚነገረው ይልቅ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ገበሬው ዘርቶ እንደሆነ፣ ገበያው ላይ እህል መኖሩን መጠየቅ የምትጀምሩት ይህን ከተለማመዳችሁ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ከውጊያው በፊት ባለው ማታ ላይ ቁሙ

እኛ ማን እንዳሸነፈ እናውቃለን። እነሱ አያውቁም ነበር። ይህን ልዩነት የረሳ ጥናት ጀግናውን ነቢይ፣ ተሸናፊውን ሞኝ ያደርጋል።

አንድ ውሳኔ ምረጡና ገጹን በሦስት ክፈሉት፦ ወሳኙ የሚያውቀው፣ የማያውቀው፣ የነበረው ሌላ አማራጭ። ባራቲየሪን ውሰዱ። ወደ 17,000 የሚጠጋ ጦርና 56 መድፍ አለው። ሦስት ብርጌዶችን በአልበርቶኔ፣ በአሪሞንዲና በዳቦርሚዳ መሪነት በሌሊት አንቀሳቅሶ፣ አራተኛውን በኤሌና መሪነት በተጠባባቂነት አስከትሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ከፍታዎቹን ለመያዝ አስቧል። የማያውቀው፦ የያዘው ንድፍ ካርታ ትክክል እንዳልሆነ። በካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታና የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ቦታ አንድ አልነበሩም። አልበርቶኔ ስሙን ተከትሎ ከሌሎቹ በጣም ርቆ ወደ ፊት ሄደ። ሲነጋ ብርጌዶቹ ተለያይተው ነበርና አንዱ ለአንዱ መድረስ ሳይችል በየተራ ተመቱ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልበርቶኔ ተማረከ።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ወገን ተሻገሩ። የአካባቢውን ስም፣ ሸለቆና መንገድ የሚያውቅ ሰው በሺህ የሚቆጠር ነበር። እንደ ባሻይ አውዓሎም ያሉ ሰዎች ለጣሊያን የሚሰልሉ መስለው መረጃ ወደ ምኒልክ ወገን ያደርሱ ነበር። ስለዚህ የአድዋ ድል የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የዕውቀትም ድል ነው፤ ዕውቀቱም በአብዛኛው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ያለ ነበር። የሸዋው፣ የወሎው፣ የጎጃሙ፣ የሐረርጌው ጦር ያለ ትግራይ ሰው ዓይን ሸለቆዎቹ መሃል ምን ያህል ይጠቅም እንደነበር ጻፉ።

ይህንኑ ገጽ ለማይጨው ድገሙት። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻግሮ አድዋን በቀናት ውስጥ ያዘ። ከ1888ቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጦር፣ አውሮፕላን፣ የመርዝ ጋዝ ይዞ ነበር፤ መንገድ እየሠራ ስንቁን በመኪና ያመላልስ ነበር፤ የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክት ይጠልፍ ነበር። ማለትም በአድዋ የጎደሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ሞልቶ መጣ፤ ስንቅ፣ መንገድ፣ መረጃ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የእኛ ጦር ደረቱን ሰጥቶ ሲዋጋ የተጠቀመበት ስልት ግን ከ40 ዓመት በፊት ከሠራው ብዙም አልራቀም። የጦር መሣሪያ ማዕቀብ እንደነበረ፣ ዓለም ፊቱን እንዳዞረ ሳልዘነጋ፣ ከአድዋ የበለጠ የተማረው የተሸነፈው ወገን ነበር የሚል ፍርድ አለኝ። ይህ የሚያስቆጣው ሰው ካለ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይፈትነኝ።

ደረጃ 5፦ ምንጮቹን አፋጥጡ

ለእያንዳንዱ ምንጭ አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ማን ተናገረው? ለማን? ከስንት ጊዜ በኋላ? ምን ሊያተርፍበት?

የንጉሥ ዜና መዋዕል ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው፤ የንጉሡን ክብር ለመጠበቅ ይጻፋል፣ ነገር ግን የሰፈሩን፣ የጉዞውን፣ የመኳንንቱን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቃል። የጣሊያን መኮንኖች ሪፖርት ከሽንፈት በኋላ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ጥፋቱን ወደ ሌላው ለመግፋት ይሻል፤ ባራቲየሪም ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ስለዚህ አንዱ በራሱ ላይ የመሰከረውንና ጠላቱን ያመሰገነውን ከሌላው የበለጠ እመኑ።

ፉከራና ቀረርቶ ሌላ ዓይነት ምንጭ ነው። ስንት ሰው እንደሞተ አይነግራችሁም፤ ሰው በምን ይኮራ እንደነበር ግን ከእሱ የበለጠ የሚነግር የለም። ለማንበብ የፈረስ ስሞችን ዝርዝር ያዙ፤ ተዋጊው በስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስለሚጠራ። አባ ዳኛው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ፣ አባ ቃኘው መኮንን፣ አባ ነፍሶ ባልቻ ናቸው። ማዕረግም ዘመን ይጠቁማል፦ ባልቻ አድዋ ላይ በጅሮንድ ነበሩ፣ ደጃዝማችነቱ በኋላ ነው የመጣው። አንድ ጽሑፍ የሰውን ማዕረግ ከዘመኑ አስቀድሞ ከሰጠ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተጻፈ ወይም የተነካካ መሆኑን ጠርጥሩ።

ሥዕሉን አትለፉት። የአድዋ ሥዕል በአገራችን ሠዓልያን ዘንድ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረስ፣ ምኒልክ ከዣንጥላው ሥር፣ ጣይቱ በፈረሳቸው ላይ፣ ከፊት ለፊት ጣሊያኖቹ። ወዳጅ ሙሉ ፊቱ፣ ጠላት በአንድ ዓይኑ በጎን ይሣላል። ሥዕሉን ስታዩ ማን ሙሉ ፊት እንደተሰጠው፣ ማን መሃል እንደቆመ፣ ማን ጨርሶ እንዳልተሣለ መዝግቡ። ሠዓሊው በየትኛው መንግሥት ዘመን፣ ማን አዝዞት እንደሣለ ስታውቁ ያ መዝገብ ስለ ሠዓሊው ዘመን ማስረጃ ይሆናል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ፦ የሟች ቁጥር ሲለያይ አማካዩን አትውሰዱ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው 30,000 ነው፤ የጣሊያን ወገን የሚያምነው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የማንንም እውነት አይሰጥም። ሁለቱንም ከነተናጋሪያቸው ጻፉና እንዴት እንደተቆጠረ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የጀግናውን «ከዚያ በኋላ» ፈልጉ

ጀግና በአንድ ቀን ብቻ ሲታይ ሐውልት ይሆናል። እናንተ ሕይወቱን ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ተከተሉ፤ በተለይ በኋላውን።

ራስ አሉላ የዮሐንስ ሰው ነበሩ። ጌታቸው ከሞቱ በኋላ ዙፋኑን ከያዙት ምኒልክ ጋር አድዋ ላይ ተሰለፉ፤ በዓመቱ ደግሞ ከራስ ሐጎስ ጋር በተደረገ የእርስ በርስ ውጊያ ቆስለው ሞቱ። ከጣሊያን ጥይት የተረፉት ሰው በወገን እጅ ማለፋቸው ስለዚያ ዘመን መንግሥት ብዙ ይናገራል። ራስ መንገሻ ዮሐንስም አድዋ ተዋግተው፣ ቆይተው ሸፍተው፣ አንኮበር ታስረው ሞቱ። ደጃዝማች ባልቻ ከተፈሪ መኮንን ጋር ተጋጭተው ከሥልጣን ወረዱ፤ ጣሊያን ሲመጣ ግን በሽምግልናቸው ተነሥተው በ1929 መባቻ እየተዋጉ ወደቁ። በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ አምስት ዓመት ጠላትን ሲዋጋ ቆይቶ በ1937 በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ። ይህን ዓይነት ታሪክ አራት አምስት ከሰበሰባችሁ በኋላ፣ ጀግኖቿን በሰላም ጊዜ ማኖር ያቃታት አገር ምን ጎደላት የሚለው ጥያቄ ራሱ ይመጣል። ለእኔ ከአድዋ ጥናት ሁሉ ለዛሬ የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው።

የሚከብደውንም አትዝለሉ። ከአድዋ በኋላ ለጣሊያን ወግነው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። የጣሊያን ምርኮኞች ግን በአንጻሩ በደህና ተይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዘመኑ ሕግ ከዳተኛ እንዲህ ይቀጣ እንደነበር መግለጽ ይቻላል፤ ግን የተቆረጠው ሰው ወደ የት ሄደ፣ ልጆቹስ ስለዚያ ቀን ምን ሰሙ ብሎ መጠየቅም የጥናቱ ክፍል ነው።

ባንዳውንም እንደ ጀግናው አጥኑ። በ1928 ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ወደ ጣሊያን ገቡ፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉም ለጣሊያን አደሩ። ራስ ኃይሉ ከዚያ በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ታስረው ግዛታቸውን አጥተው ነበር። ይህ ክህደትን ይቅር አያሰኝም፤ አንድ መንግሥት ቂም ያከማቸበት ቦታ የት እንደሆነ ግን ጠላት ከመንግሥቱ አስቀድሞ እንደሚያውቀው ያሳያል።

ደረጃ 7፦ ሰንሰለቱን ፈልጉ፣ መመሳሰሉን ተጠራጠሩ

«ይህ ልክ እንደ አድዋ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከዚያ ወደዚህ ያደረሰው ምንድን ነው? መመሳሰል በሁለት ነገሮች መካከል ምንም ግንኙነት ሳይኖር ሊታይ ይችላል። ሰንሰለት ግን በወረቀት፣ በሕግ፣ በመንገድ፣ በመሬት ላይ ይገኛል።

አንቀጽ 3ን አስታውሱ። ጥቅምት 1889 የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ውጫሌን ሻረ፣ የኢትዮጵያንም ፍጹም ነፃነት አስከበረ፤ ኤርትራ ግን በጣሊያን እጅ ቀረች። ወሰኑን ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 ሦስት ውሎች ተፈረሙ። ጣሊያን ተሸኝቶ፣ ፌዴሬሽን መጥቶ ሄዶ፣ ኤርትራም ነፃ አገር ከሆነች በኋላ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት የድንበር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም ሚያዝያ 1994 ውሳኔውን ሲሰጥ መሠረት ያደረገው እነዚያኑ ሦስት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ነበር። ባድመ ላይ የሞቱት ልጆች ከአያቶቻቸው ዘመን በተፈረመ ወረቀት ምክንያት ተዋጉ ማለት አይደለም፤ የጦርነቱ ምክንያት ከዚያ ይሰፋል። ግን ወረቀቱ መሃል ላይ አለ፣ በእጅ ይያዛል፣ ይነበባል።

የመታሰቢያ ቀን ራሱ ሌላ ሰንሰለት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱትም ሆን ተብሎ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሆነ። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ግን ከዚያ በፊት መጋቢት 28 ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሁለቱም ቀኖች እውነት ናቸው። የትኛው እንደሚከበር የሚወስነው ግን ንጉሡ በታሪኩ መሃል እንዲቆሙ ወይም እንዲወጡ የሚፈልገው ወገን ነው። በዚህ ዓይን ሐውልቶችንና የመንገድ ስሞችን ስታዩ፣ የትናንቱን ሳይሆን ያቆማቸውን መንግሥት ታነባላችሁ።

ደረጃ 8፦ ቦታውን እዩ፣ ሰው ጠይቁ

የምትችሉ ከሆነ አድዋ ሂዱ። የሰማያታ ተራራ፣ የአባ ገሪማ ገዳም፣ የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በዓይን ሲታዩ ብርጌዶቹ ለምን እንዳልተገናኙ ያለ ብዙ ቃል ይገባችኋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የየካቲት 12ን ሐውልት፣ በየካቲት 2016 ፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአንድ ቀን ማዳረስ ይችላል። ስትሄዱ ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሳችሁ ሂዱ፤ ቀኖቹን ያልያዘ ሰው ሙዚየም ውስጥ የሚያየው ዕቃ ብቻ ነው።

አዛውንት ስትጠይቁ በጥያቄ አትጣደፉ። አባባ፣ እማማ ብላችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ለመቅረጽ ፈቃድ ጠይቃችሁ ጀምሩ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ከማለት «ያን ጊዜ ቤታችሁ ምን ይበላ ነበር?»፣ «ማን ቀረ፣ ማን ሄደ?»፣ «ይህን ማን ነገረዎት?» ማለት ይሻላል። የመጨረሻው ጥያቄ ዋና ነው፤ በዓይን የታየውንና ከአባት የተሰማውን ይለያል። የአርበኞችን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው፤ የልጆቻቸው ትዝታም ቢሆን ሳይመሽ መያዝ አለበት። ስለ ቅርብ ዓመታት ጦርነት የምትጠይቁ ከሆነ ግን ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ሰውየው ዝም ካለ ዝምታውን አክብሩ፤ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የሞተበትን ዘመድ ማንም በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። የእናንተ ጥናት ከሰው ደኅንነት አይበልጥም።

ደረጃ 9፦ ጽፋችሁ ለማይስማማችሁ ሰው ስጡ

አሁን ለጥያቄያችሁ መልስ ጻፉ፤ አምስት ስድስት ገጽ ይበቃል። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍታችሁ ያን ቀን ካመናችሁት ጋር አስተያዩ። ምንም ካልተለወጠ ወይ ቀድሞውኑ ትክክል ነበራችሁ፣ ወይ የመረጣችኋቸው ምንጮች ሁሉ ከአንድ ወገን ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የምንጮቹን ዝርዝር ቁጠሩ።

ከዚያ ጽሑፉን በአስተዳደጉ፣ በአካባቢው ወይም በሃይማኖቱ ከእናንተ ለሚለይ፣ ግን በቀና ልብ ለሚያነብ ሰው ስጡ። እንዲያመሰግናችሁ አትጠይቁት። በኅዳጉ ላይ ሦስት ነገር ብቻ እንዲያመለክት ንገሩት፦ ያላመነበትን ዓረፍተ ነገር፣ የእሱ ወገን ያልተጠቀሰበትን ቦታ፣ እና ከቤቱ ሲሰማ ካደገው የሚለየውን ነገር። ሲመልስላችሁ ሦስተኛውን ምልክት መጀመሪያ ያዙ፤ ቀጣዩን የጥናት ጥያቄ የምትጽፉት ከእሱ ነው።